ያልሄደው ፎቶ

ሰኞ ጠዋት የዓሣ መጋዘኑን ቀዝቃዛ ክፍል የከፈቱት ጫኞች መጀመሪያ ያዩት ጫማ ነበር። አንድ የወንድ ጫማ ከበሩ ሥር ተጋድሟል፤ ተረከዙ ተፈልቅቆ ሊገነጠል ምንም አልቀረውም። የመጋዘኑ ባለቤት ከጫማው አጠገብ ጀርባውን ለካርቶን ክምር ሰጥቶ፣ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ቅንድቡ ላይ በረዶ ጋግሯል። አንዱ ጫኝ «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» ብሎ ትከሻውን ነካ አደረገውና እየጮኸ ወጣ።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ጫኞቹ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተኮልኩለው ነበር። አንዳቸውም ወደ ውስጥ መመለስ አልፈለጉም። እሱም ቢሆን አልፈለገም። በሥራው ዘመን ብዙ ሬሳ አይቷል፣ ሬሳ አያስደነግጠውም፤ የሚያስደነግጠው በር ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ እያለ በር ከኋላው ከተዘጋ ትንፋሹ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ይህን የምታውቅበት ሚስቱ ብቻ ናት። ሊፍት ባለበት ሕንፃ ሁሉ በደረጃ ሲወጣ ለሌላው ሰው «ለጤናዬ ነው» ይላል።

«በሩን ይዘህ ቁም» አለው ሳጅኑን። «እጅህን ካነሣህ ማዕረግህን አነሣዋለሁ።»

ሳጅኑን ወሬ ስለማያልቅበት ጣቢያው ሁሉ «ሬዲዮ» ይለዋል። «እንደ ሐውልት ነው የምቆመው ጌታዬ። ግን ይዩልኝ፣ ለዓሣ የተሠራ ቤት ባለቤቱን ሲበላ!»

«ሬዲዮ፣ ድምፅህን ቀንስ።»

በሩ ከውጭ በወፍራም የብረት መቀርቀሪያ ይዘጋል። በድንገት የተዘጋበት ሰው ከውስጥ ገፍቶ የሚከፍትበት ቀይ እጀታ ደግሞ መኖር ነበረበት። አሁን በእጀታው ቦታ የቀሩት የብሎን ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው፤ አፋቸው ገና ያብለጨልጫል። ከቀዳዳዎቹ በላይ፣ በሰው ደረት ከፍታ፣ የበሩ ብረት በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተጨረማምቷል። ኢንስፔክተሩ ጫማውን አነሣና ተረከዙን ከጭረቱ ጋር አስተያየው። ልክክ አለ።

«በጫማው ሲደበድብ ነበር» አለ።

ሬዲዮ በሩን በሁለት እጁ ጨበጠው።

የሟቹ ስልክ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ነበር። ባትሪው ሲሞላ የተሞከሩ ጥሪዎች ታዩበት። አንዳቸውም አልሄዱም፤ የክፍሉ ግድግዳ ኔትወርክ አያስገባም። ሙከራው የጀመረው ቅዳሜ፣ ሠራተኛው ግማሽ ቀን ሠርቶ ከተበተነ ብዙም ሳይቆይ ነው። መጀመሪያ የደወለው ለመጋዘን ኃላፊዋ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ ለታናሽ ወንድሙ ነው፤ ደጋግሞ፣ ደጋግሞ። ሰውየው ሚስቱ የሞተችበት ነው፤ እሑድን ደግሞ ዓሣ ሊገዛ ወደ ሐይቁ ወርዶ ስለሚውል የት ጠፋ ብሎ የፈለገው የለም።

የግቢው ቁልፍ ያለው በሦስት ሰው እጅ ነበር። አንደኛው ሞቷል። የቀሩት ኃላፊዋና ታናሽ ወንድሙ ናቸው።

ኃላፊዋ ሃምሳ ዓመት የተጠጋት፣ ጣቶቿ በብርድ የተሰነጣጠቁ ሴት ናት። ጣቢያው ውስጥ ስትጠየቅ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ዓይኗን አንዴም ሳታሸሽ መለሰች።

«ቅዳሜ መጨረሻ የወጣው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ቀዝቃዛውንም ክፍል የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አልነበረበትም። ጋሼ ቢሮ ነበሩ። ደህና ይዋሉ ብያቸው ወጣሁ።»

«ዓርብ ዕለት በሰው ፊት ሰድበውዎታል ይባላል።»

«ሰድበውኛል። ባሌ አልጋ ላይ የዋለ ሽባ ነው። ቀትር ላይ ሄጄ ካላገላበጥኩት ጀርባው ይላጣል። ትንሽ ፈቃድ ብጠይቃቸው ‹እዚህ አምጪውና ከዓሣው ጋር ይተኛልሽ› አሉኝ።»

«ያን ጊዜ እርስዎ ምን አሉ?»

«በሆዴ ‹ድፍት ይበሉ› አልኩ። እርስዎ አለቃዎን በሆድዎ ምንም ብለውት አያውቁም?»

ሬዲዮ ሣቁን በሳል ሸፈነው።

«መሳቢያዎ ውስጥ ካቻቪቴ አግኝተናል።»

«ሚዛኑን የማጠብቅበት ነው። ሁሉም ያነሣዋል፣ ሁሉም ይመልሰዋል።»

«የበሩ እጀታስ?»

«ሐሙስ በቦታው ነበር። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ስንጭን በሩ ክፍት ነበር፤ ልብ አላልኩትም።»

ቁልፍ፣ ስድብ፣ ካቻቪቴ። ለጣቢያው አዛዥ ከበቂ በላይ ነበር። «ነገ ፍርድ ቤት አቅርባትና ወደ ማረሚያ ቤት ትውረድ። ሌላ ምን ትፈልጋለህ፣ ፊርማዋን?» አለ።

ማረፊያ ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ኃላፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ ዋለለ። «ባሌን ጎረቤት ዛሬን ያይልኛል። ከዛሬ ወዲያ ማንም የለውም» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይህ በር… ትንሽ ገርበብ ቢልልኝ አይሆንም?»

ጠባቂው ሣቀ። ኢንስፔክተሩ አልሣቀም። በሩ ሲዘጋ ፊቱን አዙሮ ቆመ።

የሟቹ ታናሽ ወንድም የተገኘው መጋዘኑ ቢሮ ውስጥ ነው። ቢሮው ከቀዝቃዛው ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል፤ የማቀዝቀዣው ሞተር ከግድግዳው ጀርባ ያለማቋረጥ ያጉረመርማል። የታላቅዬው ሰፊ ጠረጴዛ ከመግቢያው አጠገብ የክፍሉን ወርድ ዘግቶ ተገትሯል። የታናሽዬው ከጥግ ተወሽቋል፣ ከፊቱ ግድግዳ፣ ከጎኑ ፍርግርግ ያለው መስኮት። ታናሽዬው ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ታላቁን ማስነሣት ነበረበት ማለት ነው። አሁን የታላቅዬው ወንበር ባዶ ነው፤ ጠረጴዛው ግን አልተነቃነቀም። ታናሽዬው እንግዶቹን ሊቀበል ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ በጎኑ ሾልኮ ወጣ።

«ቅዳሜ የት ነበሩ?»

«ከከተማ ወጥቼ ነበር፣ ደንበኛ ላይ። ድልድዩ ጋ ጎማ ፈነዳብኝ። ከእህቴ ጋር በስልክ እያወራሁ ነው የተቀየረው፤ ፎቶም ልኬላታለሁ። እሷን ይጠይቋት።» ዓይኑ ቀላ። «ጋሼ ያን ሰዓት ነው አሉ ሲደውልልኝ የነበረው። ጥሪው ቢደርሰኝ ክንፍ አውጥቼ እመጣ ነበር።»

ስልኩ ጮኸ። ይቅርታ ጠይቆ አነሣው። ደንበኛ ነበር። «አለ፣ አለ፣ ትኩሱ ገብቷል። ቆይ ላሳይህ» አለና ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ ጣቱን ሁለት ጊዜ አሳረፈበት። «ይኸው ላኩልህ። አየኸው? ካርቶኑን እየው፣ ምን የመሰለ ነው!» ወሬውን ጨርሶ ሲዘጋ ፊቱ ተመልሶ ሐዘን ለበሰ። «ዓሣ ሐዘን አያውቅም ጌታዬ፤ ካልተሸጠ ይበላሻል።»

ኢንስፔክተሩ ስልኩን ተቀብሎ ተመለከተ። ፎቶው ላይ መኪናው ከድልድዩ አጠገብ በክሪክ ተነሥቷል፣ የኋላ ጎማው ወልቋል። ወደ እህቱ የተላከበት ሰዓት ከእህቱ ጋር ካወራበት ጥሪ መሐል ላይ ይወድቃል። ታላቅዬው ከውስጥ መደወል የጀመረውም በዚያው ጥሪ መሐል ነው። ድልድዩና መጋዘኑ ደግሞ የከተማው ሁለት ጫፍ ናቸው።

እህትዬዋ የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው። በቀዶ ጥገና ወልዳ ከአልጋ አልወረደችም፤ ለወንድሟ ቀብር እንኳ መምጣት አትችልም። ኢንስፔክተሩ ደወለላት። ሕፃኑ ከበስተጀርባ ይነጫነጫል።

«ቅዳሜ እሱ ነው የደወለልኝ» አለች፣ በተዘጋ አፍንጫ። «ብዙ አወራን። ‹ሚጡ፣ መንገድ ላይ ቀረሁልሽ› አለኝ። እያወራን ፎቶውን ላከልኝ።»

«ፎቶውን ያዩት እያወራችሁ ነው?»

«እያወራን ነዋ! ባሌ ከቤት ነው የሚሠራው፣ ዋይፋይ አለን። ከፍቼ አየሁትና ‹መኪናህን አሳጥበው እንጂ› ብዬ ሁሉ ቀለድኩበት።»

«ሌላ የሰሙት ነገር ነበር?»

«ሞተር ይሰማ ነበር። ደግሞ ዱብ፣ ዱብ የሚል። መንገደኛ ሹፌር ነው የሚረዳኝ፣ ብሎኑ ዝጎ አልላቀቅ ብሎት እየቀጠቀጠው ነው አለኝ። ምስኪን ሰውዬ! እየቆየ ድምፁ ቀነሰ። ‹ሰውየው ደከመው መሰለኝ› ብዬ ሣቅኩ።» አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ። «እኔ ስሥቅ ጋሼ በረዶ ውስጥ ነበር ማለት ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

ኢንስፔክተሩ መነጽሩን አወለቀ። የታናሽዬው ነገር እንደ ግድግዳ ድፍን ሆነበት። ድልድዩ ሥር ሽንኩርት የምትሸጥ ሴትም ክሪክ ላይ የቆመ መኪና ቅዳሜ ማየቷን መስክራለች፤ ጠዋት ይሁን ከሰዓት ግን አታስታውስም። ስልኩ ያን ጊዜ የት እንደነበር እንዲነገራቸው ለስልክ ድርጅቱ ደብዳቤ ጽፈዋል። ሬዲዮ «መልሱ እስኪመጣ የሴትየዋ ባል ሁለተኛ ሟች ይሆናል» አለ። ማንም አልሣቀለትም።

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሩ በማረፊያ ክፍሉ በኩል አለፈ። ኃላፊዋ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ መዳፏን በበሩ ሥር በሚገባው የብርሃን ሰንጥር ላይ ዘርግታለች።

«ባሌ ተገላብጦ ይሆን?» አለችው በበሩ ቀዳዳ።

ኢንስፔክተሩ እርምጃውን አፈጠነ። ቢሮው ገብቶ መስኮቱን ከፈተ፣ ቀጥሎ በሩን ከፈተ፣ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ፈታ። ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት።

«መጋረጃ ቤት ነኝ» አለችው። «ሦስት ዓይነት ላክሁልህ። ቡኒው ይሻላል ወይስ አረንጓዴው?»

«ምንም አልመጣልኝም።»

«አልመጣም ትላለህ እንዴ! ቆይ ልየው… ውይ፣ እሱም እዚሁ ቆሟል። እያወራሁ እኮ ነው፣ እንዴት ይሄዳል? ልዝጋውና ይደርስሃል። ቡኒውን ግን ደህና አድርገህ እየው!»

ዘጋች። ወዲያው ስልኩ ሦስት ጊዜ ተንጫጫ። ሦስት መጋረጃ ተደርድሮ መጣ። ኢንስፔክተሩ መጋረጃዎቹን ትክ ብሎ እያየ ቀረ።

«ሬዲዮ!»

«አቤት ጌታዬ።»

«ስልክ እያወራህ ፎቶ ልከህ ታውቃለህ?»

«በምን ዕድሌ? ስልክ ሲያወሩበት ኢንተርኔቱ ድርግም ነው የሚለው። የኛ ኔትወርክ እንደኔ ያለ አፍ የለውም፣ ሁለት ነገር ባንዴ አይችልም። ‹ዝጋና ላክልኝ› ነው እንጂ የምንባባለው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ካልሆኑ በስተቀር…»

አፉን እንደከፈተ ቆመ።

«ቀጥል» አለ ኢንስፔክተሩ። «ዛሬ እንኳ ስትናገር ደስ ይላል።»

ታናሽዬው ለመምጣት አላንገራገረም። ድልድዩ ጋ ከፖሊስ መኪናው ሲወርድ እንዲያውም ቀለል ብሎት ነበር፤ መኪናው የቆመበትን ቦታ በጣቱ አሳየ፣ የረዳው ሹፌር ከየት ወዴት ይሄድ እንደነበር ተናገረ። ዙሪያው ወንዝና አስፋልት ነው። አንድ የሽንኩርት ክምር አለ እንጂ ቤት የሚባል ነገር የለም።

«ያን ቀን እንዳደረጉት ያድርጉልኝ» አለው ኢንስፔክተሩ። «እህትዎ ጋ ይደውሉ፣ እያወሩ ፎቶውን ይላኩላት። ከደረሳት ይቅርታ ጠይቄ ቤትዎ አደርስዎታለሁ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ደወለ። የእህትዬዋ ድምፅ ከማጉያው ወጣ። «ወንድምዬ? ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ ሚጡ። ከኢንስፔክተሩ ጋር ነኝ። ያን ፎቶ ድጋሚ ልልክልሽ ነው።» ጣቱን ሁለት ጊዜ አሳረፈ። «ይኸው። ደረሰሽ?»

«ኧረ ምንም።»

ከፎቶው ሥር ትንሽ የሰዓት ምልክት ቆማለች። ሦስቱም አጎንብሰው አዩዋት። መኪና አለፈ፤ ሽንኩርት ሻጯ ዣንጥላዋን አስተካከለች። ምልክቷ አልተነቃነቀችም።

«ኔትወርኩ ነው» አለ ታናሽዬው። «ያን ቀን ጥሩ ነበር።»

«ሬዲዮ፣ አንተም ለሆነ ሰው ደውልና ላክ።» ኢንስፔክተሩ ራሱ ለሚስቱ ደወለ፣ ቡኒውን መጋረጃ መልሶ ላከላት። ሁሉም ጥሪው ላይ ሲያወሩ ፎቶዎቹ ተገትረው ቀሩ። ኢንስፔክተሩ ሚስቱን «ቡኒው ይሁን» ብሎ ሲዘጋባት የሱ ፎቶ እልም ብሎ ሄደ። የሬዲዮም ሲዘጋ ሄደ።

ታናሽዬው ስልኩን ገለባበጠው። «እንግዲያው ዘግቼ ነው የላክሁት። ረስቼው ነው።»

«አልዘጋህም እኮ ወንድምዬ» አለች እህቱ ከስልኩ፣ ልትረዳው ፈልጋ። «እያወራን ነው ያየሁት። መኪናህን አሳጥበው አላልኩህም?»

ፊቱ ላይ የነበረው ደም ወረደ። እጁ የጥሪውን ቀይ ምልክት ሊነካ ሲዘረጋ ኢንስፔክተሩ ስልኩን ቀስ ብሎ ከመዳፉ ወሰደው።

«አይዘጋ። እንሂድ።»

«ወዴት?»

«ፎቶውን ልናደርስ።»

መንገዱ ረጅም ነበር። ስልኩ ኢንስፔክተሩ ጉልበት ላይ ተቀምጧል፣ ጥሪው እንደተከፈተ፣ ሰዓቷ ከፎቶው ሥር እንደቆመች። ታናሽዬው በሁለቱ ፖሊሶች መሐል ተጣቦ ተቀምጦ አሻግሮ በመስኮቱ ያያል። ከስልኩ የሕፃን ለቅሶ፣ ቀጥሎ እሹሩሩ ተሰማ። አንዴ እህትዬዋ «አላችሁ?» አለች። «አለን እመቤቴ፣ ትንሽ ይታገሡን» አላት ኢንስፔክተሩ፣ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆኖበት።

የመጋዘኑ በር ተከፈተ። ግቢውን አቋርጠው ቢሮው ገቡ። ታናሽዬው ከጠረጴዛው ማዶ አልተሻገረም፤ መግቢያው ላይ ቆመ። ስልኩን ማንም አልነካውም። ኢንስፔክተሩ መዳፉ ላይ ይዞት ሰዓቷን ያያታል። ሰዓቷ ጠፋች። በቦታዋ መሄዱን የምታሳይ ትንሽ የምልክት ጭረት መጣች።

«መጣ!» አለች እህትዬዋ። «አሁን መጣልኝ። የት ደረሳችሁ?»

ከግድግዳው ጀርባ ሞተሩ ያጉረመርማል።

«እዚህ ቤት ስልክዎ ከዋይፋዩ ጋር በራሱ ይገናኛል» አለ ኢንስፔክተሩ፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ዕድሜ ልክዎን ከደንበኛ ጋር እያወሩ ፎቶ የሚልኩት እዚህ ጥግ ተቀምጠው ነው። ሰው ሁሉ ዘግቶ እንደሚልክ ትዝም አላለዎት። ፎቶውን ጠዋት አንሥተው መጡ፤ እጀታውንም ቀድመው ፈቱ።»

ታናሽዬው ወደ ባዶው ወንበር አየ። «‹ዓሣው ሸተተ፣ ና እየው› አልኩት። የኔን ነገር አምኖ የማያውቅ ሰው ያን ቀን አምኖኝ ገባ።» ጣቱን ወደ ጠረጴዛው ቀሰረ። «ጠረጴዛህን ትንሽ ፈቀቅ አድርግልኝ ነበር ያልኩት። ስንት ዓመት። ልውጣ፣ ብቻዬን ልሥራ ስለው ‹አንተ ብቻህን አትችልም› ይለኛል። ጠረጴዛውን እንኳ!»

«ወንድምዬ» አለ ስልኩ።

ሁሉም ዘለሉ። ረስተዋት ነበር።

«ይህን ሞተር አውቀዋለሁ። ያን ቀንም ይኸው ነበር።» ቀጥሎ ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚወጣ መሰለ። «ያ ዱብ ዱብ ሲል የነበረው… ብሎን ነው አላልከኝም?»

ታናሽዬው ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

«ወንድምዬ፣ መልስልኝ። ‹ሰውየው ደከመው መሰለኝ› ብዬ ሥቄያለሁ እኮ። አብረኸኝ ሥቀሃል።»

ኢንስፔክተሩ ጣቱን ወደ ቀዩ ምልክት ሰደደ፤ ግን መዝጋት አቃተው። መጨረሻ ላይ የዘጋችው እሷ ናት።

ጣቢያ ሲመለስ የማረፊያ ክፍሉን ቁልፍ ራሱ ተቀበለና ከፈተ። ኃላፊዋ ብርሃኑን በእጇ ከልላ ቀና አለች። እንድትወጣ ሲነግራት ወዲያው አልተነሣችም፤ በሩንና እሱን አፈራርቃ አየች።

«ማን ሆኖ ተገኘ?» አለች።

ነገራት። ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ያን ቀን ትንሽ ብዘገይ ኖሮ እሰማቸው ነበር» አለች። «ለባሌ ብዬ ነው የሮጥኩት።»

«አሁንም ይሩጡለት» አላት። «መኪና ይጠብቅዎታል።»

ነጠላዋን አጣፍታ ከፊቱ በኮሪደሩ ሄደች። ጠባቂው ከኋላ መጥቶ ባዶውን ክፍል ሊዘጋ እጀታውን ያዘ። ኢንስፔክተሩ ዞሮ ሳያየው እጁን አነሣ።

«ተወው» አለ። «እንደተከፈተ ይደር።»